ለመጫወቻ መኪና ጉልበት ስጨምር

ጋሽ አበራ በመጀመሪያው ቀን ወንበር አልሰጠኝም። «ቆመህ አሳየኝ፤ ከቻልክ ትቀመጣለህ» አለና ድምፁ የጠፋ ባለ ሦስት ባንድ ሬዲዮ ጠረጴዛው ላይ አኖረልኝ። መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቦታው ነፋስ ስልክ፣ አስፋልቱን ተከትላ ያለች አንዲት የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ቤት። ቴስተር ስጠኝ ስለው «እሱ ለሚያውቅ ነው» አለኝ። እኔም በአፍንጫዬ ፈለግሁት። የተቃጠለ ሬዚስተር የራሱ ሽታ አለው፤ የለመደው ሰው ከጎረቤት ወጥ ለይቶ ያውቀዋል። አገኘሁት፣ ነቀልኩት፣ ከሌላ የሞተ ሬዲዮ ላይ አውጥቼ በየድኩበት። ሬዲዮው ጮኸ። ጋሽ አበራ በርጩማ በእግሩ ገፋ አደረገልኝና «ተቀመጥ» አለ።

«የት ተማርክ?» አለኝ።

«ጦር ውስጥ። የመገናኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ሃምሳ አለቃ ጌታነህ እባላለሁ።»

ሳቀ። «እዚህ ቤት ማዕረግ የለም፣ ሃምሳ አለቃ። እዚህ ያለው ካውያና ካቻቪቴ ነው።» ማዕረግ የለም ያለው ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሃምሳ አለቃ» እያለ ጠራኝ። አንድም ቀን በአክብሮት አልነበረም።

ልንገራችሁ፣ እኔ የዚያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ጦሩ ሲበተን የተሐድሶ ካምፕ ገብቼ ወጥቻለሁ። በእጄ የነበረው አንድ የመልቀቂያ ወረቀትና አንድ ፒንሳ ነው። ብዙ ጓደኞቼ ቀን ሥራ ሲሸከሙ አያቸው ስለነበር በርጩማዋን እንደ ሹመት ነው የተቀበልኳት። ሁለት ዓመት ያህል ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አልፎ አልፎም ቴሌቪዥን ስጠግን ኖርኩ። ያ ዘመን ክፉ አልነበረም።

ክፉው የመጣው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ነው። አቶ ተካልኝ የሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ ነበር፤ ዱባይ ይመላለሳል፣ ላፍቶ አዲስ ቪላ ሠርቷል። አንድ ቀን ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ ፈታው። ቀይ መኪና፤ ርዝመቷ ክንዴን የማያክል፣ አንቴና ያላት፣ በሪሞት የምትነዳ። «ለልጄ ገዝቼለት ነበር» አለ። «ግን ይኼ መኪና ነው? ኤሊ ነው እንጂ። ጉልበት ጨምርልኝ።»

እኔ ሳቅሁ። ጋሽ አበራ በዓይኑ ቆነጠጠኝና «ይጨምራል፣ ጌታዬ። ሃምሳ አለቃ የማይሠራው ነገር የለም» አለ። እንግዲህ የታንክ ሬዲዮ በመድፍ ጩኸት መሐል የጠገነ ሰው፣ የአሻንጉሊት ጉልበት ሊጨምር ተቀመጠ። ወይ ጉድ ነው ያልኩት። ጮክ ብዬ ግን አላልኩትም።

ሥራው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያዘኝ። ሞተሩን ፈታሁት። የሚሽከረከረው እምብርት ሦስት ክንፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ዙሩን አንድ በአንድ እየፈታሁ ቆጠርኩ። ከዚያ ወፈር ያለ ሽቦ ወስጄ በዙሩ ግማሽ ብቻ ጠመጠምኩት። ዙር ሲቀንስ ፍጥነት ይጨምራል፤ ግን ድንጋዩን ይበላል፣ ይሞቃልም። ድንጋይ ስል የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ መኪናዋ የምትሄደው ቻርጅ በሚደረጉ ስድስት ድንጋዮች ነበር። ስምንት አደረግኋቸው።

አንዱን ስታጠነክር ሌላው ይሰበራል፤ የዚህ ሥራ ጠባዩ ይኸው ነው። ሞተሩ ሲበረታ መኪናዋን የሚያዝዘው ትራንዚስተር ተቃጠለ፤ ከአሮጌ አምፕሊፋየር ላይ ትልቅ አውጥቼ ተካሁት፤ እንዲቀዘቅዝም ከድስት ክዳን ላይ የቆረጥኩትን አሉሚኒየም ጀርባው ላይ አሰርኩበት። ቀጥሎ የፕላስቲኩ ጥርስ ተፋቀ፤ ከነሐስ በሞረድ ሞርጄ ሌላ ሠራሁ። ጎማው አስፋልት ላይ አልይዝ አለ፤ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጬ አለበስኩት። ለመንኮራኩሩ የሚሆን ትንሽ ኩሽኔታ ከየት ይገኛል ብዬ ስቸገር፣ የተበላሸ የቪዲዮ ዴክ ከበሮ ውስጥ ሁለት አገኘሁ። እነዚህን ነገሮች ማንም አላስተማረኝም። በዚህ እኮራ ነበር፤ አሁንም ትንሽ እኮራለሁ።

የሞከርኳት በራችን ላይ ነው። ሪሞቱን ስጫነው መኪናዋ ተፈትልካ፣ ሁለት ውሻ አስከትላ፣ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ ሰፌድ ውስጥ ገባች። ቆሎው አስፋልቱ ላይ ተዘራ። «ምን ዓይነት እርኩስ መንፈስ ነው!» ብላ አማተበች። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እኔም ቆሎውን እየለቀምኩ ያየሁት አንድ ነገር ነበር፤ ጉልበት ጨምሬ ፍሬን አልጨመርኩም። ለጋሽ አበራ ነገርኩት። «ፍሬን ማን ጠየቀህ?» አለኝ።

አቶ ተካልኝ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ከሌሎች ሁለት ነጋዴዎች ጋር። እያንዳንዳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ መኪና ይዘዋል። ልጆቻቸው የት እንዳሉ እግዜር ይወቅ። እነዚህ ሰዎች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገና ጣራ ባልለበሰ መጋዘን ሲሚንቶ ላይ እየተሰበሰቡ መኪና ያሽቀዳድሙ ነበር። ክራቫት ያሰሩ፣ ሆዳቸው የቀደማቸው፣ ሪሞት የያዙ ትልልቅ ሰዎች! የተሸነፈው በግ ያርዳል። እኔ ፒንሳዬንና ካውያዬን ይዤ ጥግ ላይ እቆማለሁ። ሲያሸንፉ «የኔ መኪና» ይላሉ፤ ሲሸነፉ «የጌታነህ ሞተር» ይላሉ። ከበጉ አንድ ቀን ጎድን ደርሶኛል፤ ያም ቀዝቅዞ ነበር።

አንድ እሑድ አቶ ተካልኝ በመጨረሻው ዙር ላይ ድንጋይ አለቀበትና ቆመ። ሌላው አልፎት ሄደ፤ ሳቁበት። ሰኞ ጠዋት ፊቱን አጨማዶ ሱቁ መጣ።

«ይኼ ቻርጀር ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል» አለ። «ተለዋጭ ድንጋይ ባዘጋጅ እንኳ አይደርስልኝም። ቶሎ የሚሞላ ሥራልኝ።»

«ቶሎ እንዲሞላ ብዙ ከረንት መስጠት ነው» አልኩት። «ብዙ ከረንት የሚወስድ ድንጋይ ደግሞ ሞልቶ ካልተነቀለ ይጋላል። ይፈነዳልም።»

«ይነቀላላ!» አለ ጋሽ አበራ በኔ ፋንታ። «ጌታዬ፣ ለቅዳሜ ይደርስልዎታል።»

ሠራሁት። ከወደቀ አምፕሊፋየር ላይ ትልቅ ትራንስፎርመር፣ አራት ዳዮድ፣ ከጣውላ የተሠራ ሳጥን። ድንጋዮቹን በሁለት ሰዓት ጢም አድርጎ ይሞላል። ሲሞላ ግን ራሱ አያቆምም፤ ሰው ካልነቀለው እየሰጠ ይቀጥላል። መፍትሔው ግልጽ ነበር። የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ያለች፣ ጠምዝዘሃት ቲክ ቲክ እያለች ቆጥራ የምትዘጋ ሰዓት አለች፤ መርካቶ ቆራሌው ጋ ትገኛለች። ለጋሽ አበራ ነገርኩት።

«ሃምሳ አለቃ» አለኝ፣ «ለመጫወቻ ነው እኮ! አንተ የጦር ግምጃ ቤት ውስጥ ያለህ መሰለህ? ወረቀት ጽፈህ ለጥፍበት፤ አለቀ።»

ጻፍኩ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር እወቁ። መገናኛ ሬዲዮ ላይ የሠራ ሰው ቃል ማሳጠር ይማራል። አንድ ቃል ከበቃ ሁለት አታስተላልፍም፤ ባትሪም ነው፣ ሕይወትም ነው። እኔ በዚህ የተመሰገንኩ ነበርኩ። የሲጋራ ፓኮ ካርቶን ቆርጬ፣ በደህና የእጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ብዬ ጽፌ ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ፦ «እስከ 2 ሰዓት ብቻ ይሰካ።» አጭር፣ ግልጽ። ወደድኩት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቻርጀሩን ራሴ ላፍቶ አደረስኩ። በሩን የከፈተልኝ ዘበኛው፣ አባባ ቶላ ነው። ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጥ ያለ፣ የዚያው የላፍቶ ተወላጅ። ቪላው ያረፈበት ቦታ እሱ ጤፍ ሲያርስበት የኖረ ማሳ ነበር። ከታች በኩል የቀረችውን ቁራጭ አሁንም ያርሳል፤ ከማረስ የተረፈውን ጊዜ የገዛ መሬቱን በር ይጠብቃል። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። «በሬዬ አንዳንዴ ይረሳና ወደ ጋሽዬ ሳሎን ሊዞር ይላል» አለኝ፤ ጋሽዬ የሚለው አቶ ተካልኝን ነው።

ሳጥኑን ከቪላው ግቢ ካለው መጋዘን ውስጥ፣ የመለዋወጫ ካርቶን ከተከመረበት አጠገብ ካለ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ወረቀቱን አየና ጠጋ አለ። ጣቱን ከፊደሉ ሥር አስኬደ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦

«እስከ። ሁለት። ሰዓት። ብቻ። ይሰካ።»

«አቤት ጉብዝና!» አልኩት።

ፊቱ በራ። «መሠረተ ትምህርት ነው» አለ። «በአርባ ስድስት ዓመቴ ተማርኩ። ወረቀት አለኝ፣ ቤቴ ግድግዳ ላይ። አንተ ነህ የጻፍከው? ጽሑፍህ ያምራል።»

ጨብጬው ሄድኩ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ዓይኔ እያየ አንብቦልኛል። «ምን ማለት ነው?» ብዬ አልጠየቅሁትም። እሱም አልጠየቀኝም። ምን ይጠይቃል? አነበበው እኮ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ተካልኝ ቤተሰቡን ይዞ ደብረ ዘይት ሠርግ ሄደ። ሲወጣ ለአባባ ቶላ «ድንጋዩን ሰካልኝ፤ ለነገ ይድረስ። ወረቀቱ ላይ እንዳለው አድርግ» ብሎታል። አባባ ቶላ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሰካው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል መጋዘኑ ጨሰ። ድንጋዮቹ ፈንድተው ካርቶኑን አያይዘውት ነበር፤ ካርቶኑ ቀለምና ቲነሩን፣ ቲነሩ ጣራውን። ጎረቤት ተሯሩጦ በባልዲ አጠፋው። ሰው አልሞተም። መጋዘኑ ግን ከነዕቃው ዶግ አመድ ሆነ፤ አጠገቡ የቆመችው የአቶ ተካልኝ እውነተኛ መኪናም ጎኗ ተቃጠለ። አባባ ቶላ የሚነድደውን ሳጥን በባዶ እጁ ይዞ ወደ ውጭ ሊያወጣው ሞክሯል። ቀኝ እጁ ተላጠ።

ሰኞ ጋሽ አበራ ሱቁን ከፍቶ በሩን መልሶ ገርበብ አደረገ። የሆነውን ነገረኝና «ዘበኛው ታስሯል» አለ። «አቶ ተካልኝ ሆን ብሎ ነው ያቃጠለው ብሎ ከሶታል። መሬቴን ወሰዱብኝ ብሎ ቂም ይዞ ኖሮ።»

«ቂም?» አልኩ። «ያ ሽማግሌ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሁለት ሰዓት ተብሎ ተጽፎለት አምስት ሰዓት ሙሉ ሰክቶ ተወው አሉ። ወይ ቂም ነው፣ ወይ እንቅልፍ። እኛን አይመለከትም።»

እኔም አፌን ሞልቼ እንቅልፍ ነው አልኩ። ተናድጄበትም ነበር። በደህና ጽሑፍ ጽፌለት፣ ራሱ አንብቦልኝ፣ እንዴት ይተኛል? በማግስቱ ዳቦና ሙዝ ገዝቼ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ልጠይቀው ብቻ ሳይሆን ልወቅሰውም ነበር። ወታደሩ አስጠራልኝ። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«አባባ ቶላ» አልኩት፣ «ምነው? እስከ ሁለት ሰዓት ብዬህ አልነበረም?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ሁለት ሰዓት መች ደረሰ?» አለኝ። «ገና ዘጠኝ ሰዓት እኮ ነበር። በሩ ላይ ሆኜ ፀሐይዋን እያየሁ ሁለት ሰዓትን እጠብቅ ነበር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ልነቅል።»

እኔ ሁለት ሰዓት ያህል ማለቴ ነው፤ እሱ ሁለት ሰዓት እስኪሆን ብሎ ነው ያነበበው። ከጠዋቱ አራት እስከ ምሽቱ ሁለት። የጻፍኩትን በልቤ ደገምኩት፤ ደግሜ ደጋገምኩት። ልክ ያነበበው እሱ ነው። የኔን ሐሳብ የሚያነብ ሰው ካልሆነ በስተቀር፣ ያንን ወረቀት ያየ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ እንደሱ ነው የሚያነበው።

«አልነገርካቸውም?» አልኩት።

«ነገርኳቸው። ወረቀቱ አብሮ ተቃጠለ። ጋሽዬ ደግሞ እሱ የት ማንበብ ያውቃል አሏቸው። አሁን ውሸታምም ሆንኩ።»

እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ እዚያው መርማሪው ቢሮ መግባት ነበረብኝ። አልገባሁም። ዳቦውን ሰጥቼው ወጣሁ። ካምፕ ከወጣሁ ወዲህ የደንብ ልብስ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ይኼን የምለው ሰበብ ለመፈለግ አይደለም። የሆነው ይኸው ነው።

ለጋሽ አበራ ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«ስማ ጌታነህ» አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። «ወረቀቱ አመድ ሆኗል። የቀድሞ ወታደር የነጋዴ ቤት በእሳት አጋየ ቢባል ማን ነው የሚሰማህ? ሽማግሌው ሁለት ወር ታስሮ ይወጣል። አንተ ብትገባ አትወጣም። እኔም ፈቃዴን ይነጥቁኛል። አፍህን ዝጋና ሥራህን ሥራ።»

ዘጋሁ። አሥራ ሁለት ቀን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲሉ እሰማ ነበር፤ አይጥ ሆኖ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ያኔ ነው። ካውያ ይዤ ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ የከፈትኩትን ሳልሠራ እዘጋዋለሁ። በመሐል አቶ ተካልኝ ሱቃችን መጣ። እኔ የክስ ነገር ሊያነሳ ነው ብዬ አቀርቅሬ ጠበቅሁ። ለካ የመጣው በሌላ ነው። «ቀይዋ መኪና ተርፋለች፤ ሳሎን ነበረች» አለኝ። «ድንጋይ ብቻ ነው ያጣሁት። ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

እንዲህም ዓይነት ሰው አለ። ሰው አሳስሮ አሻንጉሊቱን ያስባል። እኔስ? እኔም «ሦስት ቀን» አልኩት። መቼም ይኼን ስጽፍ አፍራለሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንዲት ሴትዮ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የአባባ ቶላ ባለቤት ናቸው። በሰው በሰው ጠይቀው ከላፍቶ በእግራቸው መጥተዋል።

«ልጄ፣ ቻርጅ የሠራኸው አንተ ነህ?» አሉኝ።

ጋሽ አበራ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነኝ እናቴ» አልኩ።

ላስቲኩን ፈቱት። የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት ነው፤ ከነክፈፉ ከግድግዳ አውርደው ነው ያመጡት። «ማንበብ አያውቅም፣ ይዋሻል እያሉት ነው» አሉ። «እሱ ደግሞ ልጁ ፊት አንብቤያለሁ ይላል። እባክህ ልጄ፣ ሌላ አልልህም። ያነባል ብለህ ብቻ መስክርለት።»

ይኼ ነው የጠየቁኝ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አያውቁም። የባላቸውን እጅ ያስቃጠልኩትን፣ እሱንም ያሳሰርኩትን እኔን፣ «ያነባል ብለህ ብቻ» ብለው ይለምኑኛል። ካውያዬን ከሶኬቱ ነቀልኩ። ጋሽ አበራ «ሃምሳ አለቃ፣ ከዚህ በር ብትወጣ አትመለስም» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ወጣሁ። ሴትዮዋን ይዤ በቀጥታ ጣቢያ።

መርማሪው ጠና ያለ ሰው ነው፤ ሁሉንም ሳያቋርጠኝ ሰማ። ቻርጀሩን በወረቀት ሣልኩለት፤ ራሱ እንደማያቆም፣ የምድጃ ሰዓት ሊገጠምለት ይገባ እንደነበር፣ አለመግጠሜን ነገርኩት። «ምን ብለህ ነው የጻፍከው? እስቲ እዚህ ላይ ጻፈው» አለኝ። ጻፍኩ።

አነበበው። «እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ይሰካ። እና ሁለት ሰዓት ላይ ይነቀላል።»

«የለም ጌታዬ፣ ከተሰካ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ማለቴ ነው።»

«ታዲያ እንደሱ አትልም?»

አጠገቡ ያለው ጸሐፊ አንገቱን አስግጎ አየና «እኔስ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው የሚመስለኝ» አለ። በሩ ላይ የቆመው ወታደር ደግሞ «የጠዋቱ ነው የማታው?» ብሎ ጠየቀ። ሦስቱ ተከራከሩ፤ እውነቴን ነው፣ እንደ ዳኛ ተከራከሩ። እኔ መሐላቸው ቆሜ የገዛ ጽሑፌን ሲበልቱት እሰማለሁ። በመጨረሻ መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠና «እኛ ሦስታችን ያልተስማማንበትን ሽማግሌው እንዴት ይወቀው» አለ። ቃሌን ጽፎ አስፈረመኝ። እኔን አላሰረኝም። ለምን እንዳላሰረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አባባ ቶላ በአራተኛው ቀን ተፈታ። ክሱ የኤሌክትሪክ አደጋ ነው ተብሎ ተዘጋ። አቶ ተካልኝ ይቅርታ አልጠየቀውም፤ ወደ ሥራውም አልመለሰውም። ሌላ ዘበኛ ቀጠረ፣ ሌላ ሞተር ጠምጣሚም አገኘ። ጋሽ አበራ እንዳለው አደረገ፤ መሣሪያዬን በካርቶን አድርጎ በር ላይ አስቀመጠልኝ። ፒንሳዬ አልነበረችበትም።

ከሁለት ወር በኋላ ላፍቶ ሄጄ አባባ ቶላን አገኘሁት። ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቁስሉ ደርቋል፤ ግን ሦስቱ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል። ዕርፉን የሚይዝበት እጅ ነው። ማሳውን የእህቱ ልጅ እያረሰለት ነበር፤ እሱ ከዳር ሆኖ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ይለዋል። የምስክር ወረቀቱም እቤቱ ወደ ግድግዳው አልተመለሰም፤ ባለቤቱ ሊሰቅሉት ሲሉ «ተይው» ብሏቸዋል።

አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ አሥራ ሁለቱን ቀንም ጭምር። «ይቅር በለኝ» አልኩት።

ለእህቱ ልጅ አንዴ «ወደ ግራ!» ብሎ ጮኸለት። ከዚያ ሳይቆጣ፣ ዝም ብሎ እንደሚያወራ ሰው፣ «ማንበብ ባልችል ኖሮ እኮ እጠይቅህ ነበር» አለኝ።



ከዚያ በኋላ በሌላ ሰፈር ብዙ ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ። የመጫወቻ መኪና ሲያመጡልኝ አልሠራም ብዬ እመልሳለሁ፤ ሰው ሰነፍ ይለኛል፣ ይበል። ለሥራ ጓደኞቼና አሁን ለምትጀምሩት የምለው ይኼን ብቻ ነው። በሠራችሁት ዕቃ ላይ ሰዓት ስትጽፉ «እስከ» አትበሉ። «ከተሰካ በኋላ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ይነቀል» ብላችሁ ጻፉ። ካርቶኑ ካልበቃችሁ ሰፊ ካርቶን ቁረጡ።